ለልጁ ክትባት ስትመጣ እናቲቱንም እዩዋት

ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ሥራ ኃላፊዎች
በየጤና ጣቢያው ክትባት ክፍል ለምትሠሩ ባለሙያዎች
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በ45ኛው ቀን ክትባት ወላዷም አብራ እንድትታይ ስለ መጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ፒያሳ አካባቢ የሐበሻ ቀሚስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ሆኖም የሴት ገላ እንዴት እንደሚለዋወጥ ከልብስ ሰፊ በላይ በቁጥር ይዞ የተቀመጠ ያለ አይመስለኝም። ሙሽራ ሳለች ልኳን እወስዳለሁ። ዓመት ሳይሞላት «እትዬ፣ ጎን ጎኑን ልቀቂልኝ» እያለች ትመጣለች። ወልዳ ስትነሣ ደግሞ ለክርስትናው የምትለብሰውን ልታሰፋ ትመጣና ያው ሜትር ወገቧ ላይ ይዞራል። ሦስቱም ልክ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። ልኳን እየሰጠችኝ ታወራኛለች፤ ከባሏ የደበቀችውን፣ እናቷን ያፈረችበትን፣ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ከአፏ አልወጣ ያላትን።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ልጁ ለአንድ ወር ከአሥራ አምስት ቀኑ ክትባት ሲመጣ ያመጣችው እናቱ ናት። ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል፤ ይህን በማድረጋችሁ ተባረኩ። እናቲቱ ግን አቅፋው ትገባና አቅፋው ትወጣለች። እዚያው ፊታችሁ ቆማ ሳለች እሷንም እዩዋት ነው የምለው። ለምን እንደምል ግን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የእህቴ ልጅ አዋላጅ ናት፤ ቁጥሩንና የሕክምናውን ነገር አጠገቤ ቁጭ ብላ ያረመችልኝ እሷ ናት። የቀረው የራሴ ነው።

እርግዝና ሲባል ሰው የሚያየው ሆድን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚጠብበው ግን የቀሚሱ ደረት ነው፤ ለሰው ሳታወራ ጡቷ ቀድሞ ያወራባታል። ቀጥሎ የጎድን አጥንቷ ወደ ጎን እየተከፈተ ከጡት ሥር ያለው ዙሪያ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጨምር ይችላል፤ አንዳንዷ ላይ ይህ ልክ ከወለደች በኋላም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሆዷ ጠፍቶ ወገቧ ሰብሰብ ብሎ ሳለ የድሮው ቀሚስ ዚፑ ደረቷ ላይ ሲደርስ አልዘጋ የሚላት ለዚህ ነው፤ እሷ ግን «ወፈርኩ» ብላ ምሳዋን ትተዋለች።

ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጉዱ ይበልጣል። ማህፀን ባላረገዘች ሴት ከ50 እስከ 70 ግራም ቢመዝን ነው። በዘጠነኛው ወር ልጁና የሽርት ውሃው ሳይቆጠር፣ ራሱ ብቻውን 1 ኪሎ ያህል ይሆናል። ደሟ ከወትሮው ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ በብዛት የሚጨምረው ውሃማው ክፍል ስለሆነ ግን ደሟ ይቀጥናል። ልቧ በደቂቃ የሚረጨው ደም ከሲሶ እስከ ግማሽ ይጨምራል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር የቁስቋምን ዳገት ስትወጣ በየመሐሉ ቆም የምትለው ሞልቃቃ ሆና አይደለም። ጅማቶቿም ይላላሉ፤ ዳሌዋ ያማታል፤ እግሯ ይሰፋል። የጫማ ቁጥሯ ጨምሮ የቀረባት ስንት አለች።

ቆዳዋን ላንሳና ልለፍ። ፊቷ ላይ ማዲያት ይወጣል፣ ከእምብርቷ ወደ ታች ጥቁር መስመር ይሰመራል፤ ሁለቱም ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ በአብዛኛው እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ሸንተረሩ ግን ቀለሙ ይነጣል እንጂ አይጠፋም። «ሸንተረር ያጠፋል» እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠውን ቅባት የምትገዙ እህቶች ብሩን እንቁላል ብትገዙበት ይሻላችኋል።

መቼም ማርያም በሽልም ታወጣታለች። በወለደችበት ቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይቀልላታል፤ ልጁ፣ እንግዴ ልጁ፣ ውሃውና ደሙ ተደምሮ ማለት ነው። መካከለኛ ክብደት ያላት ሴት በእርግዝና ጊዜ እንድትጨምር የሚመከረው ግን ከ11 እስከ 16 ኪሎ ነው። የቀረው ቀስ እያለ በወራት የሚወርድ ነው። ሆዷም በወለደች ማግስት የስድስት ወር እርጉዝ መስሎ ይታያል። ማህፀኑ ገና እምብርቷ አካባቢ ነዋ! ከዚያ በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ዝቅ እያለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሆድ ሲዳሰስ አይገኝም፤ በ6 ሳምንት ወደ ቀድሞ መጠኑ ይቀርባል። ልጁ ጡት ሲስብ ሆዷን የሚቆርጣት ይኸው መሰብሰቡ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ላይ ይብሳል። ደሙም እንዲሁ በደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ሦስት አራት ቀን ደማቅ ቀይ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በኋላ ነጣ ያለ ፈሳሽ ሆኖ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቆሞ የነበረ ደም ተመልሶ በብዛት ከመጣ ወይም ሽታው ከተለወጠ ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ቀኑን ልብ በሉልኝ። ወንድ የወለደች በአርባ ቀኗ፣ ሴት የወለደች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ታስነሣለች። ሙስሊም ደንበኞቼም አርባ ቀን ይቆጥራሉ። የሐኪሙ 6 ሳምንት 42 ቀን ነው። የልጁ ክትባት 45 ቀን ነው። የሴቷን ሰማንያ ትተን፣ ባህሉም ሃይማኖቱም ሕክምናውም አንድ ሳምንት ውስጥ ተገናኝተዋል። ወላዷ ከአራስ ቤት የምትወጣበት፣ መንገድ የምትጀምርበት፣ ጤና ጣቢያ በእግሯ የምትደርስበት ጊዜ ይህ ነው። እሷን ለማየት ከዚህ የተመቸ ቀን ከየት ይመጣል?

ያ ቀን ሲያመልጥ ምን እንደሚሆን ከደብተሬ ልንገራችሁ።

ከአዘዞ የመጣች ልጅ ናት፤ ስሟን አልጠራም። ሴት ልጅ ወልዳ ለሰማንያው ነጭ ፈትል አምጥታ ልኳን ወስጄ ስጨርስ አልሄድ አለች። ጥለቱን ታገላብጣለች፣ ክሩን ትነካካለች። በኋላ «እትዬ፣ ከሥሩ ወፈር ያለ ገበር ታደርጊልኛለሽ?» አለች። ፈትል ላይ ወፍራም ገበር ቀሚሱን ያከብደዋል፣ አወራረዱን ያበላሸዋል፤ «ምነው?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ስትስል፣ ስትስቅ፣ ልጇን ብድግ ስታደርግ ሽንቷ ጠብ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሰው መሐል፣ በነጭ ቀሚስ! ፍርሃቷ ገባኝ። «ሐኪም ነግረሻል?» ስላት «ለክትባት ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ልጅቷ ደህና ናት ብለውኛል» አለችኝ። የጠየቅኳት ስለ ልጅቷ አልነበረም። እሷም ግን ስለ ራሷ የሚጠየቅ ነገር አለ ብላ አላሰበችም፤ ማንም ጠይቋት አያውቅማ።

ገበሩን ድርብ አድርጌ ሰፋሁላት። ሰፍቼ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ገበር የምታስደርበዋ እሷ ብቻ አይደለችምና። ከወለዱ ሴቶች ከሦስት አንዷ ያህል በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ያለ ችግር እንደሚገጥማት የእህቴ ልጅ ነገረችኝ። ሽንትና ሰገራ የሚይዙት የታች ጡንቻዎች ዘጠኝ ወር ሙሉ ክብደት ተሸክመው፣ በምጥ ጊዜ ተለጥጠው ይዝላሉ። ይህ የእርጅናም የእርግማንም ነገር አይደለም፤ አብዛኛው በእንቅስቃሴ ይሻሻላል። እንቅስቃሴው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቦታም አይመርጥም። ሽንት መጥቶ እንደሚይዝ ሰው የታችኛውን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፤ ይህን አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ትንፋሽ አይያዝም፣ ሆድና መቀመጫም አይጨመቅም። ለውጡ ግን ዛሬ ተጀምሮ ነገ የሚታይ አይደለም፤ ሦስት ወር ያህል መታገሥ ይፈልጋል። ይህን የሚያሳያት ሰው አምስት ደቂቃ ቢሰጣት ኖሮ ያቺ ልጅ እኔ ዘንድ ገበር ፍለጋ አትመጣም ነበር።

ሌት ተቀን ያለማቋረጥ የሚፈስ ሽንት ግን፣ በተለይ ምጡ ከረዘመባት፣ ፌስቱላ ሊሆን ይችላልና በእንቅስቃሴ አይመለስም፤ ሆስፒታል ነው። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ማዕከል በነጻ ያክማል። ሴቶቻችን «ማህፀኔ ወረደ» የሚሉት፣ ከታች የሚከብድ ወይም ወጣ የሚል ነገርም አለ፤ እሱም እንደ ደረጃው በእንቅስቃሴ፣ ቀለበት በመሰለ ድጋፍ ወይም በቀዶ ጥገና ይታከማል። ተሸክመውት ለዓመታት የሚኖሩ እናቶች አሉን። የሚያሳፍር ስለመሰላቸው ብቻ!

ሌላዋ ደግሞ ከማራኪ ናት። ወልዳ ወራት አልፏት ሆዷ ወደ ፊት እንደ ገፋ ነው። ገበያ ስትወጣ «ደግሞ ልትደግሚ ነው?» እያሉ አቆሰሏት። በጀርባዋ ተኝታ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ ሆዷ መሐል ላይ ቁመቱን የሚሄድ ጉብታ ይወጣል፤ ጣት ያስገባል። ግራና ቀኙን የሆድ ጡንቻ የሚያያይዘው መስመር እንደ ስፌት ነው፤ ክሩ አልተበጠሰም፣ ላልቷል እንጂ። እርግዝና ሲገፋ በአብዛኛዋ ሴት ላይ ይላላል፣ በወራት ውስጥም በአብዛኛዋ ላይ ይሰበሰባል፤ ሳይሰበሰብ የቆየባት በትክክለኛ እንቅስቃሴ ትረዳለች። እሷ ግን ምን አደረገች መሰላችሁ? መቀነቷን እስትንፋስ እስኪያጥራት ጠፍራ አሠረች።

በመቀነት ላይ ነገር ማብዛት አልፈልግም፤ የእናቶቻችን ነው፣ እኔም እሸጠዋለሁ። ልል አድርጎ መታጠቅ ወገብን ይደግፋል፣ ደስ ይላል። ጡንቻን ግን አያጠነክርም። ሆድ ላይ ሲጠፈር ደግሞ ግፊቱ ወደ ታች፣ ቀድሞውኑ ወደ ዛለው ጡንቻ ይሄዳል። ስለዚህ ዝም ብሎ «አጥብቂ» ማለት ምክር አይደለም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፤ ምች። እዚህ ከተማ አራስ ትኩሳት ሲይዛት፣ ራሷን ሲያማት፣ ስትንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚባለው «ምች መታት» ነው። በር ይዘጋል፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ ነገም ይታያል ይባላል። ዳማከሴ እኔም እወዳለሁ፤ ለጉንፋን። ነገር ግን በወለደች ሰሞን የሚመጣ ትኩሳት የማህፀን ቁስለት መመረዝ ወይም የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ከጎድን ሥር ማመም፣ የፊት ማበጥ ደግሞ የደም ግፊት ምልክት ነው። የእርግዝና ደም ግፊት ልጁ ሲወጣ አብሮ የሚወጣ ይመስለናል። አይደለም፤ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሣ ይችላል፣ በእርግዝናዋ ግፊት ያልነበረባትንም ሊይዛት ይችላል። የአንድ እግር ባት ብቻውን ካበጠና ካመመ ደግሞ ደም ረግቶ ይሆናል፤ የወላድ ደም እንዳይፈስ ብሎ ቶሎ የመርጋት ጠባይ ስላለው ነው። አራስን ከአልጋ አትነሺ ብሎ ማስተኛት እዚህ ላይ ይጎዳታል፤ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ይጠቅማታል። በኔ እምነት በአራስ ጥየቃ ገንፎውን እየዋጡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከሚሉት ሴቶች መሐል አንዷ እነዚህን ምልክቶች ብታውቅ ስንት ቤት ይተርፍ ነበር።

ስለ ምግቡ እናቶቻችን ልክ ናቸው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ አብሹ፣ ቅቤው፣ የምታጠባ ሴት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታልና ባህላችን ይህን ሳይለካ ደርሶበታል። የምጨቃጨቀው በቡናው ነው። ደሟ ቀጥኖ፣ በወሊድ ጊዜም ፈስሷት፣ የአይረን ኪኒን ይዛ የመጣች ሴት ከምግቡና ከኪኒኑ ጋር አቦል ቶና በረካ ስታስከትል አይረኑ በቅጡ አይገባላትም፤ ሻይም ያው ነው። ቡናውን አትተይ አልልም፣ ጎንደር ላይ ይህን የሚል ሰው ከሰው አይቆጠርም። ኪኒኑንና ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂያቸው ነው። አርባ ቀኗ ሲያልፍ ጾም የምትይዝም አለች፤ አጥቢ መሆኗን ለንስሐ አባቷ ትንገራቸው፣ ከሐኪም ቀድመው ብዪ የሚሏት እሳቸው ናቸው።

የሥራውን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። በሕጋችን ተቀጣሪ ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። የቅዳሜ ገበያዋ ሽንኩርት ሻጭ፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክበዋ፣ የጉልት ቡና የምታፈላዋ ግን ሕጉ አያውቃትም። ከሁሉ የሚከፋው ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቢጫዋን ጀሪካን ማን ይሸከማል? 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው። በቀዶ ጥገና ለወለደች ለ6 ሳምንት ያህል ከልጇ የሚከብድ አታንሺ ይባላል። በምጥ የወለደችም ብትሆን የታች ጡንቻዋ ሳይጠገን ጀሪካን አዝላ ዳገት ከወጣች፣ ቅድም ያልኩት «ማህፀኔ ወረደ» የሚመጣው እንዲህ ነው። ባሎች ሆይ፣ ለልጃችሁ ክርስትና በግ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚያን ሦስት ወራት ውሃውን እናንተ አምጡ። ባጃጅ ላይ ጭናችሁም ቢሆን።

ፀጉርንም ላንሳው፣ ብዙ ሴት ያስለቅሳልና። በሦስተኛው ወር ገደማ ማበጠሪያው ሙሉ ፀጉር ይዞ ሲወጣ «የሰው ዓይን በላኝ» ይላሉ። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው ባንዴ የሚለቀው፤ ልጁ ዓመት ሲሞላው ይመለሳል። ሹሩባውን ብቻ አጥብቀሽ አትሠሪ። ልቅሶው ራሱ ግን ከፀጉር ያልሆነበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ ምክንያት ማልቀስና መነጫነጭ በብዙ ወላድ ላይ የሚያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከቀጠለ፣ ልጇን ማየት ካስጠላት፣ ልጁ ተኝቶም እሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ይህ የሚታከም ድብርት ነው። ባህላችን አራስን ብቻዋን አይተዋትም፤ ክርስትናው ሲያልቅ ግን ጠያቂው ሁሉ ባንድ ቀን ይበተናል። ድብርቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ያኔ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአገር ደረጃ ከነፍሰ ጡሮች 74 በመቶ ቢያንስ አንድ ጊዜ ክትትል አድርገው ነበር። በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት ግን 34 በመቶ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ወላድ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት ትታይ ይላል። አራቱንም አሁኑኑ አሟሉ ብዬ አልሞግትም። ሰዉ ጥቂት፣ ሥራው ብዙ እንደሆነ አያለሁ። የመጨረሻዋን ግን እናንተ ልትጠሯት አያስፈልግም፤ ራሷ መጥታለች! በሁለት ወር ተኩል፣ በሦስት ወር ተኩል፣ በዘጠኝ ወርም ትመጣለች። ለራሷ ጤና ብትጠሯት ላትመጣ ትችላለች፤ ለልጇ ግን ዝናብም ቢሆን ትመጣለች።

ምን ይደረግላት? ግፊቷ ይለካ፤ መሣሪያው በየጤና ጣቢያው አለ። የዓይኗ ቆብ ወደ ታች ተስቦ ደም ማነሷ ይታይ፣ ካስፈለገ ምርመራ ይታዘዝላት። ከዚያ ትጠየቅ፤ ደሙ ቆመ? ትኩሳት አለሽ? ጡትሽ፣ ስፌትሽ እንዴት ነው? ሽንት ያመልጥሻል? ከታች የሚከብድሽ ነገር አለ? እንቅልፍሽ፣ ልብሽ እንዴት ነው? «ሽንት ያመልጥሻል?» የሚለው ጥያቄ ከእናንተ አፍ ይውጣ፤ እሷ በራሷ አታነሣውም። ስለሚቀጥለው ልጅም አነጋግሯት። ወር አበባ ሳይመጣ አላረግዝም የምትል ብዙ ናት። ጡት የሚከላከለው ልጁ 6 ወር ሳይሞላው፣ ሌት ተቀን ጡት ብቻ ሲጠባና ወር አበባ ገና ሳይመለስ ነው፤ አንዱ ከጎደለ አስተማማኝ አይደለም። ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይቆይ እየተባለ፣ የክርስትናውን ቀሚስ ሁለቴ ሳትለብሰው መልሳ «ልቀቂልኝ» የምትለኝ አለች።

ከተማችን በዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ ጤና መኮንንና የማኅበረሰብ ነርስ ማሠልጠን የጀመረው እዚሁ ነው። ዛሬም በየዓመቱ አዋላጅ ይመረቃል። ለክትባት ቀን አንዲት አዋላጅ ወይም ተለማማጅ ከመምህሯ ጋር ማስቀመጥ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ይጠይቃል። ክትባት የሚሰጥበት ክፍል አንድ አግዳሚ ላይ እናቶች ተደርድረው፣ አማት ከጎን ተቀምጣ፣ በሩ ተከፍቶ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ «ሽንት ያመልጥሻል?» ተብላ «አዎ» የምትል ሴት የለችም። ጥጉ ላይ መጋረጃ ያስፈልጋል። ጨርቁንም ስፌቱንም እኔ እችላለሁ፤ ጓደኞቼም እንተባበራለን ብለውኛል። አቡጀዲው ወፈር ያለ፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ሲታጠብ የማይጠብ ይሆናል። የእናንተ ድርሻ የጥጉን ወርድና ከጣሪያ እስከ መሬት ያለውን ቁመት ለክታችሁ መላክ ነው። ቀለበትና ዘንጉን ብረታ ብረት ከሚሠሩት ልጆች ጋር እኔ እነጋገራለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ፒያሳ፣ ጎንደር

ግልባጭ፦
ለአማቶች
ለባሎች፣ በተለይ ከውሃው ጋር በተያያዘ